አምስት ሺህ ሰው እና አንዲት ብሎን፦ «ካሪየር» የተባለው ዘጋቢ ፊልም ምን አሳየን?

(ምስል፦ ንጋት። ባሕር። ትከሻ ለትከሻ የተሰለፉ ሰዎች።)

እስቲ ይቺን ምስል ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ጠዋት ነው። ባሕር መሃል ነን። ብዙ ሰው ከመርከቧ አንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ተሰልፎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ እያለ ይራመዳል። ጸሎት ይመስላል አይደል? የጠፋ ቀለበት የሚፈልጉም ይመስላል።

የሚፈልጉት ብሎን ነው። ዳዶ ነው። የሽቦ ቁራጭ፣ ጠጠር፣ የወደቀች ቁልፍ። የጄት ሞተር አየር ሲስብ ፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይስባላ! አንዲት ብሎን ከገባች ሞተሩ አለቀለት፤ አንዳንዴም አብራሪው። ስለዚህ መኮንኑም፣ አብራሪውም፣ ትናንት የመጣው ልጅም እኩል አጎንብሶ ይለቅማል። እናቶቻችን ሰፌድ ላይ ምስር ሲለቅሙ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ነው። ሰፌዱ ግን 333 ሜትር ይረዝማል።

ሰላም ወዳጆቼ! እንኳን ወደ ቻናላችን በደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ ዘጋቢ ፊልም ነው። ከተሠራ ዓመታት አልፈውታል፤ እኔ ግን ደጋግሜ ነው የማየው።

ፊልሙ «ካሪየር» ይባላል። አስር ክፍል ነው፣ አስር ሰዓት ገደማ። የአሜሪካው የሕዝብ ቴሌቪዥን ፒ.ቢ.ኤስ. እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 አሳየው። ዳይሬክተሯ ማሮ ቼርማዬፍ ናት። የተቀረጸው ዩ.ኤስ.ኤስ. ኒሚትዝ በተባለችው የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ነው። ኒሚትዝ እ.ኤ.አ. በ2005 በሜይ ወር ከሳን ዲዬጎ ተነሳች፣ ፓስፊክን አቋረጠች፣ የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ደረሰች፣ በኖቬምበር ተመለሰች። ስድስት ወር። ስድስቱንም ወር ካሜራው አብሮ ነበር።

ስለ አውሮፕላን ተሸካሚ የተሠሩ ፊልሞች ሞልተዋል። አብዛኞቹ የሚያሳዩን ጄት ነው። ጄት ይነሳል፣ ሙዚቃ ይጮኻል። ጄት ያርፋል፣ ሙዚቃ ይጮኻል። ይሄኛው ግን ካሜራውን ይዞ ደረጃውን ወረደ። ወደ ወጥ ቤቱ ወረደ፣ ሞተሩ ጋ ወረደ፣ ሦስት ሰው ተደራርቦ ወደሚተኛባቸው አልጋዎች ወረደ። ፍቅረኛው አርግዛ ወደብ ላይ ትቷት የመጣውን ልጅ አስቀምጦ አዋራው። መርከቧ ላይ 5,000 ያህል ሰው አለ። ከዚያ ውስጥ እጅግ ብዙው ገና ልጅ ነው። 18፣ 19፣ 20 ዓመት። እኔ ፊልሙን የወደድኩት ለዚህ ነው። መርከቧን የሚያንቀሳቅሷት እነዚህ ልጆች መሆናቸውን ያየ፣ ያሳየም ፊልም ነው።

እሺ። አሁን ወደምወዳት ምሳሌዬ ልግባ። ስለ መርከብ ባወራሁ ቁጥር ይቺን ምሳሌ ካላመጣሁ አይሆንልኝም።

የኒሚትዝ የላይኛው ወለል፣ ዴክ የሚሉት፣ የታክሲ ተራ ነው።

የምሬን ነው! መገናኛን አስቡ፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ታክሲው በታክሲው ላይ ተጠግቷል። አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ሞልቶ ሊነሳ ነው፣ አንዱ ጎማው ተንፍሶ ተራ ዘግቷል። ላልለመደ ሰው ትርምስ ነው። ለለመደው ግን ሥርዓት አለው። ተራ አስከባሪው ያውቃል። ረዳቱ ያውቃል። ሹፌሩ ያውቃል። ሹፌሩ ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያየው መንገዱን አይደለም፣ የረዳቱን እጅ ነው። ና፣ ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር፣ በቃ! የሹፌሩ ሚኒባስ በዚያ ሰዓት በረዳቱ መዳፍ ውስጥ ናት።

ዴኩ ላይም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሄክታር የማይሞላ ቦታ ላይ ጄቶች ክንፋቸውን አጥፈው ተጠጋግተው ቆመዋል። የሞተር ጩኸት ስላለ የሰው ድምፅ አይሰማም። ታዲያ በምን ይግባባሉ? በእጅና በሹራብ ቀለም።

ቢጫ ሹራብ የለበሰው ተራ አስከባሪው ነው። አውሮፕላኑን ና፣ ቁም፣ ታጠፍ የሚለው እሱ ነው። አብራሪው የፈለገውን ማዕረግ ይያዝ፣ መሬት ላይ እስካለ ድረስ የሚሄደው የቢጫው እጅ ባለው መንገድ ነው። ሰማያዊው ጎማው ሥር ታኮ የሚያደርገው ነው፤ ዳገት ላይ ሚኒባስ ሲቆም ድንጋይ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ አስታወሳችሁ? እሱ ነው። ሐምራዊው ነዳጅ ቀጂ ነው፣ ጓደኞቹ «ወይን» እያሉ ይጠሩታል። ቀዩ የጦር መሣሪያና የእሳት አደጋ ሠራተኛ። አረንጓዴው አውሮፕላኑን ሲነሳ የሚያስወነጭፈው፣ ሲያርፍ ደግሞ በገመድ የሚያስቆመው ነው። ነጩ የደህንነትና የሕክምና።

ቡናማውን ግን ለብቻው ልንገራችሁ። ቡናማ የለበሰው አውሮፕላኑን የሚንከባከበው ነው። ይጠርገዋል፣ ይፈትሸዋል፣ አብራሪውን ወንበሩ ላይ አስሮ ያስቀምጠዋል። ለእኔ እሱ ረዳቱ ነው። ሚኒባሷን ማለዳ ተነስቶ የሚያጥባት፣ ከሹፌሩ በላይ ድምጿን የሚያውቅ ረዳት። ሃያ ዓመት ሊሆነው ይችላል። እና ስሙ አውሮፕላኑ ላይ ይጻፋል! የአብራሪው ስም ተጽፎ፣ የልጁም ስም ይጻፋል። ይሄንን ሳይ ሁሌ ደስ ይለኛል። የኛም ረዳቶች ስማቸው በሩ ላይ ቢጻፍ ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚያ አልፈዋለሁ። የዴኩን ተራ የሚቆጣጠሩት ሰዎች ክፍል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ የዴኩ ሥዕል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ትንንሽ የአውሮፕላን ቅርጾች አሉ። አንዱ ነዳጅ ከፈለገ፣ አንዱ ከተበላሸ፣ በቅርጹ ላይ ምን ያስቀምጣሉ መሰላችሁ? ዳዶ። ባለ ቀለም ስፒል። ጠዋት ከዴኩ ላይ በፍርሃት የሚለቀመው ዳዶ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። ኮምፒውተር አጥተው አይደለም። መብራት ቢጠፋ ዳዶ አይጠፋም።

እስካሁን ከወደዳችሁት ላይክ አድርጉ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ። የታክሲ ረዳት ለሆነ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት፤ ከልቤ ነው።

ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ ልበለው። መሠረቱን ታውቁታላችሁ። አውሮፕላን ለመነሳት ፍጥነት ይፈልጋል፣ ዴኩ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ ወንጭፍ አለ፣ ካታፑልት። በእንፋሎት ይሠራል። የአውሮፕላኑ የፊት ጎማ እግር ከወንጭፉ ጋር ይያያዛል፣ እንፋሎቱ ይለቀቃል፣ 100 ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ በ2 ሰከንድ ገደማ፣ አውሮፕላኑ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ኒሚትዝ እንዲህ ያለ ወንጭፍ አራት አላት። ሲመለስ ደግሞ አውሮፕላኑ ጅራቱ ሥር መንጠቆ አለው፤ ዴኩ ላይ ከተዘረጉት የብረት ገመዶች አንዱን ይነጥቃል፣ ይቆማል። አብራሪው ጎማው ዴኩን ሲነካ ሞተሩን ሙሉ ኃይል ይሰጠዋል። አዎ፣ ለመቆም ሲፈልግ ሙሉ ኃይል! መንጠቆው ገመዱን ከሳተ መልሶ መነሳት አለበታ።

ግን ይቺን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከመወንጨፉ በፊት አንድ አረንጓዴ ለባሽ ሰሌዳ ወደ ላይ ያነሳል። ሰሌዳው ላይ ቁጥር አለ፣ የአውሮፕላኑ ክብደት። አብራሪው ቁጥሩን አይቶ ትክክል ነው ይላል። እንፋሎቱ የሚለካው በዚያ ቁጥር ነው። ካነሰ አውሮፕላኑ ባሕር ይገባል። ከበዛ እግሩ ይጎዳል። ይሄ ሁሉ ብረት፣ ይሄ ሁሉ ኃይል፣ ሰሌዳ በያዘ ልጅ እጅ ላይ ይቆማል።

እሺ፣ አሁን የእናንተ ጥያቄ። ባለፈው ስለ መርከብ ቪዲዮ ስለቅ ኮሜንቱን የሞላው አንድ ነገር ነበር። «ኒውክሌር ናት እኮ፣ ነዳጅ አትፈልግም፣ ሃያ ዓመት ሳትቆም ባሕር ላይ ትኖራለች።» አንድ ወንድማችን ደግሞ «ታዲያ ወደብ ለምን ትገባለች? ለጉራ ነው?» ብሎ ጽፎ ነበር። ብዙ ሰው ተስማምቶበታል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ግማሹ እውነት ነው። ኒሚትዝ ሁለት የኒውክሌር ሪአክተር አላት። ሪአክተሩ ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ መርከቧን ይገፋል፣ መብራት ያመነጫል፣ ወንጭፉንም ያንቀሳቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሥራ ጀመረች፤ የሪአክተሯ ነዳጅ የተቀየረላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኒውፖርት ኒውስ። ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ በአንድ ነዳጅ። እስከዚህ ትክክል ናችሁ።

ግን ጄቶቹስ? ጄቶቹ ኒውክሌር አይጠጡም። የጄት ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ያውም በብዛት። ሰውስ? 5,000 ሰው ምን ይበላል? እንቁላሉን፣ ዱቄቱን፣ ዶሮውን ሪአክተር አይፈለፍለውም! ሌሊትም ቀንም ፈረቃ ስላለ በቀን ከአስር ሺህ በላይ ሰሃን ምግብ ይወጣል። ውሃውን ራሷ ከባሕር ጨው ለይታ ታወጣለች፣ እሱ አያሳስብም። ሽንኩርት ግን ከባሕር አይወጣም።

ስለዚህ በየጊዜው ሌላ መርከብ መጥቶ ጎኗ ይሆናል። ሁለቱም እየሄዱ! አይቆሙም። ጎን ለጎን፣ በመሃላቸው ጥቂት አስር ሜትሮች ብቻ ትተው፣ እኩል እየሄዱ ገመድ ይወራወራሉ፣ በገመዱ ላይ የነዳጅ ቱቦ ይሻገራል። ሄሊኮፕተር ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የምግብ ጭነት አንጠልጥሎ ያመላልሳል። ከዚያ ልጆቹ ተሰልፈው ካርቶኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወደ ታች ያወርዱታል። ይሄ ለሰዓታት ይቆያል። ሁለት መኪና ቀለበት መንገድ ላይ እኩል እየነዱ በመስኮት ምሳ ሲቀባበሉ አስቡት፤ መሪውን ለቅጽበት ያጠመመ አለቀ።

ወደብ የሚገባውም ለሰው ነው። በዚያ ጉዞ ሆንግ ኮንግ ገብተዋል፣ ባሕሬን ገብተዋል፣ አውስትራሊያ ፐርዝ ደርሰዋል። ፀሐይ የማይገባበት ክፍል ውስጥ ሳምንታት የሠራ የ19 ዓመት ልጅ መሬት መርገጥ አለበት። ሪአክተሩ አይደክመውም፣ ልጁ ይደክመዋል። እና ወንድሜ፣ ለጉራ አይደለም።

ይሄንን ካነሳን፣ አንድ አባት የጻፉልኝም አለ፦ «የእኛም ባሕር ኃይል አውሮፕላን ተሸካሚ ነበረው»። አባቴ፣ ያሉት መርከብ ይገባኛል። «ኢትዮጵያ» የተባለችው፣ ምፅዋ የነበረችው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣች ናት፤ በፊት ስሟ «ኦርካ» ነበር። አውሮፕላን የምትሸከም ግን አልነበረችም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና የምትሰጥ ነበረች፣ እንደ ጋራዥ በሏት። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከባሕሩ ላይ እንጂ ከእሷ ላይ አይደለም። ስሟን ስላነሱልኝ ግን አመሰግናለሁ። በእሷ ላይ ያገለገላችሁ አባቶች ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ለእናንተ ብቻ አንድ ቪዲዮ እሠራለሁ።

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ማየት ያለባችሁ አንድ ቦታ አለ። ባሕሩ ተናውጧል። ዴኩ ይነሳል፣ ይወድቃል። አብራሪዎቹ ማረፍ አለባቸው። አንዱ ይመጣል፣ ገመዱን ይስታል፣ እንደገና ይነሳል። ይዞራል። ይመጣል። ይስታል። ነዳጁ እያለቀ ነው፣ ሌላ አውሮፕላን አየር ላይ ሆኖ ሊያጠጣው ይጠብቃል። ጨለማ ነው። ታች ያሉት ጓደኞቹ ቴሌቪዥን ላይ ዓይናቸውን ተክለው ያያሉ። ማንም አያወራም።

ካረፉ በኋላስ? ውጤት ይሰጣቸዋል! እያንዳንዷ ማረፍ ትታረማለች፣ ውጤቱም በቀለም ሁሉም የሚያየው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ስንተኛ ወጣህ እንደሚባለው የክፍል ውጤት። ከጨለማው ባሕር በሕይወት የተመለሰ ሰው ሄዶ ውጤቱን ያያል።

ፊልሙ የማይመቸኝ ነገርም አለ። መሃሉ ላይ፣ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ቀናት ሲመሳሰሉ፣ ፊልሙም ይረዝማል። መጀመሪያ ሰለቸኝ። ሁለተኛ ሳየው ግን ገባኝ፤ እነሱም የኖሩት እንደዚያ ነው። ያንኑ ኮሪደር፣ ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ ወጥ። አትዝለሉት።

መጨረሻው ላይ መርከቧ ሃዋይ ትደርሳለች። እዚያ ለአንዳንዶቹ ቤተሰብ ይሳፈርላቸዋል። አባት፣ ወንድም፣ እህት ከሃዋይ እስከ ሳን ዲዬጎ አብረው ይጓዛሉ። ዴኩን ያያሉ፣ ኮሪደሩን ያያሉ፣ ልጃቸው ስድስት ወር የተኛባትን ጠባብ አልጋ ያያሉ።

ከዚያ ሳን ዲዬጎ። ወደቡ ሰው ብቻ ነው። መርከበኞቹ ነጭ ለብሰው ጠርዙን ይዘው ቆመዋል። መሰላሉ ተዘረጋ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ የቆየ ልማድ አለ፦ ጉዞ ላይ ሳሉ ልጅ የተወለደላቸው፣ ልጃቸውን ገና ያላዩት አባቶች፣ ቀድመው ይወርዳሉ።