ሰንበት የምትባል ሴት

ሰንበት ሰላም! ገና ሐሙስ ነው፣ አውቃለሁ፣ ቸኩያለሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ አያቴ ነው የማወራው።

እኛ ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁዶች ነን። አያቴ ያደገችው ጎንደር፣ አምቦበር የምትባል መንደር አጠገብ ነው። ስለ አርብ ስታወራ የምትጀምረው ከምድጃው ነበር። ዳቦው ይጋገራል፣ ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፣ ልብስ ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ እሳቱ ይጠፋል። ፍም እንኳ አይቀርም። ፀሐይ ስትገባ ቤቱ ድቅድቅ ነው። «እሷ ስትመጣ እሳት አታገኝም» ትል ነበር። «እሷ» ማን እንደሆነች ጠይቄያት አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ የሰፈር ሴት ትመስለኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. 1991 ላይ በዘመቻ ሰሎሞን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል መጣን። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው፣ ታሪኩን ታውቁታላችሁ። መርከዝ ክሊታ፣ ማለት አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት ማዕከል ውስጥ፣ አንዲት ደግ ሴትዮ አርብ ማታ ሁለት ሻማ ይዛልን መጣች፣ ለኩሳ አሳየችን፣ ባርካ ሄደች። አያቴ በመስኮት አየች። ፀሐይዋ አልገባችም። እፍ! ሻማዎቹን ከሽንኩርቱ ጋር አስቀመጠቻቸው።

ያኔ አፈርኩባት። «ሰንበትን አያውቁም» የሚሉን መሰለኝ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ «ትእዛዘ ሰንበት»ን አነበብኩ። ቄሶቻችን በግዕዝ ጠብቀው ያቆዩት መጽሐፍ ነው፤ ዮሴፍ ሃሌቪ የሚባል ምሁር እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ላይ አሳትሞታል። እዚያ ውስጥ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም። ሴት ናት። መላእክት ያከብሯታል፣ ላከበሯት ሰዎች ፈጣሪን ትለምናለች። የአያቴ «እሷ»!

ደግሞ በታልሙድ፣ በጥንት የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ፣ ረቢ ሐኒና አርብ ማታ ልብሱን ተከናንቦ «ኑ፣ ንግሥቲቱን ሰንበት እንቀበል» ይል ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጸፋት፣ ዛሬ ሰሜን እስራኤል ባለችው ከተማ፣ የኖረው ሽሎሞ አልካቤጽ አርብ ማታ ሰንበትን ለመቀበል የሚዘመረውን «ለካ ዶዲ»ን ሲጽፍ ሙሽራ ብሎ ጠራት። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ለፕሮፌሰሮች ትቼዋለሁ። እኔን የገረመኝ አያቴ ፊደል ሳትቆጥር፣ ስለ ጸፋት ሰምታ ሳታውቅ፣ ያችኑ ሴት እየጠበቀች መኖሯ ነው። አንዱ ሻማ አብርቶ ይቀበላታል፣ ሌላው እሳት አጥፍቶ። ሁለቱም ቤቱን የሚያዘጋጁት ለሷ ነው።

መጽሐፉን ባነበብኩ ሰሞን ነታንያ ውስጥ ምኩራብ ወሰድኳት። መስጊድ ነበር የምትለው፣ እንደ አገር ቤቱ። ሴቶቹ በኩል ተቀመጥን። «ለካ ዶዲ» መጨረሻው ስንኝ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ በሩ ዞረና ጎንበስ አለ። አያቴ ዕብራይስጡ አልገባትም። ግን ነጠላዋን አስተካከለች፣ ክንዴን ያዘችና በጆሮዬ፣

«መጣች?» አለችኝ።

በሩ ላይ አንድ አርፍዶ የመጣ ጎረምሳ ቆሟል። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሰግድለት ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«መጣች፣ እማማ» አልኳት።