እንቁላል የታቀፈው ውሻ፦ የሃል ላቦራቶሪ ታሪክ

[ምስል፦ የስቱዲዮው ዓርማ በዝግታ ብቅ ይላል]

ውሻ እንቁላል ሲታቀፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው፣ እዚህ ጎጆው ላይ ጉብ ብሏል። ከ1998 ጀምሮ የአንድ የጃፓን ጌም ስቱዲዮ ዓርማ ነው። የማይገናኙ የሚመስሉ ነገሮች ሲገናኙ ማንም ያልጠበቀው ነገር ይፈለፈላል ለማለት የመረጡት ምስል ነው። ስቱዲዮው ሃል ላቦራቶሪ ይባላል፤ ክብ፣ ሮዝ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጠውን ከርቢን የሠራው እሱ ነው። ይህ ስቱዲዮ ግን አንድ ጊዜ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እኔም ዛሬ በይበልጥ ልነግራችሁ የፈለግሁት ከዚያ እንዴት እንደተረፈ ነው።

መነሻው ቶኪዮ፣ ኢኬቡኩሮ ሰፈር፣ ሴይቡ የተባለ ትልቅ መደብር ነው። ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻ፤ ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተር ገና ብርቅ ስለነበር፣ ፍቅሩ ያደረባቸው ወጣቶች መደብሩ የኮምፒውተር ክፍል እየተሰበሰቡ የጻፉትን ፕሮግራም ይሞክሩበት ነበር። ከእነሱ አንዱ የቶኪዮ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪው ሳቶሩ ኢዋታ ነው። እዚያው ይሠራ የነበረ ሰው ድርጅት ሲያቋቁም እነዚህን ልጆች ጠራቸው። ሃል በፌብሩዋሪ 1980 ተመሠረተ፤ ኢዋታም በትርፍ ሰዓት ሠራተኛነት ገባ።

ስሙንም ከግዙፉ የአሜሪካ ኮምፒውተር ድርጅት ከአይቢኤም አንድ እርምጃ ለመቅደም ብለው ነው ያወጡት። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ኤች ከአይ፣ ኤ ከቢ፣ ኤል ከኤም በፊት ይመጣሉ። ጥቂት ወጣቶች ብቻ ለነበሩበት ቤት ትልቅ ድፍረት ነው!

ኢዋታ በ1982 ሲመረቅ እዚያው ተቀጠረ። የሙሮራን ከተማ ከንቲባ የነበሩት አባቱ ልጃቸው ማንም በማያውቀው ድርጅት መቅረቱ ስላልተዋጠላቸው ግማሽ ዓመት ያህል አላነጋገሩትም። እሱ ግን ኪዮቶ ወዳለው የጌም ድርጅት ወደ ኒንቴንዶ ሄዶ፣ ፋሚኮም ለተባለው የቤት ውስጥ ጌም መጫወቻ መሣሪያቸው ጌም እንሥራላችሁ ብሎ ጠየቀ። ኒንቴንዶም እሺ አለ። የጎልፍ ጌም ሊሠራ ሲታሰብ፣ 18ቱን ጉድጓድ በዚያች ትንሽ ካሴት ውስጥ ማስገባት አይቻልም ብለው ሌሎች ድርጅቶች እምቢ ብለው ነበር። ኢዋታ አስገባው። በ«ባሉን ፋይት» ላይ ገጸ ባሕርዩ አየር ላይ የሚንሳፈፍበትን መንገድ ለኒንቴንዶ ፕሮግራመሮች ሲያስረዳም፣ ትምህርቱ በኋላ ማሪዮ ውሃ ውስጥ ለሚዋኝባቸው የሱፐር ማሪዮ ጌም ክፍሎች ጠቀመ።

[ምስል፦ ጥቁር ስክሪን፣ «1992» የሚል ጽሑፍ]

በ1992 ሃል ዕዳ ውስጥ ተዘፈቀ። 1.5 ቢሊዮን የን! ድርጅቱ ከአቅሙ በላይ ወጪ አውጥቶ ነበር፤ «ሜታል ስሌደር ግሎሪ» የተባለውን ጌም ብቻ ለመሥራት 4 ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የኒንቴንዶው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ እናግዛለን አሉ፤ ቅድመ ሁኔታቸው ግን ኢዋታ ፕሬዚዳንት እንዲሆን ነበር። በ1993 ሹመቱን ሲቀበል 33 ዓመቱ ነው። ዕዳውን እሱ አላመጣውም፤ ድርጅት መርቶም አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሃል ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ከርቢ ነው የሚሮጠው። እኔ ግን ስቱዲዮውን ያዳነው ኢዋታ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ወር ወስዶ እያንዳንዱን ሠራተኛ ለብቻው አነጋገረ። አንዳንዱን 20 ደቂቃ፣ አንዳንዱን 3 ሰዓት። አሁን ደስተኛ ነህ ወይ ብሎ ነበር የሚጀምረው። በየቀኑ አብረውት የሚውሉት ሰዎች ያልነገሩት ስንት ነገር በሆዳቸው እንደያዙ ያወቀው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላም ከ80 እስከ 90 የሚሆኑ ሰዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ እንዲህ ማነጋገሩን አላቋረጠም። ዕዳው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ጊዜውን ለሰው ጆሮ በመስጠት ያሳለፈ አለቃ ነው።

ኮዱንም አልተወም። «ማዘር 2» የሚባለው የጸሐፊው የሺገሳቶ ኢቶይ ጌም ዓመታት ፈጅቶ አልሠራ ሲል እርዳታ የተጠየቀው እሱ ነው። ያለውን እየጠገንን ከሄድን 2 ዓመት ይፈጃል፣ እንደ አዲስ ከጀመርን ግን ግማሽ ዓመት ይበቃል አላቸው። እንደ አዲስ ይሁን አሉ። መጀመሪያ የሠራው ጌሙን ሳይሆን፣ ሌሎቹ ሥራ እንዳይፈቱ የሚረዷቸውን መሣሪያዎች ነው። ጌሙ በኦገስት 1994 ወጣ።

[ምስል፦ የጌም ቦይ ስክሪን፣ ከርቢ እየተራመደ]

ከርቢም እንዲሁ ከሞት የተረፈ ነው። የሃል ሠራተኛ የነበረው የ19 ዓመቱ ማሳሂሮ ሳኩራይ ጌም ተጫውተው ለማያውቁ ሰዎች የሚሆን ቀላል ጌም ያቅዳል። ክቡ ልጅም እውነተኛው ገጸ ባሕርይ እስኪሣል ድረስ ቦታ እንዲይዝ የተቀመጠ ነበር፤ እያዩት ሲሄዱ ወደዱትና ቀረ። ሃል «ቲንክል ፖፖ» በሚል ስም በራሱ ሊያወጣው ማስታወቂያ ጀምሮ፣ የደረሰው ትዕዛዝ ግን 26,000 ብቻ ሆነ። ጌሙን የተጫወተው የኒንቴንዶው የማሪዮ ፈጣሪ ሺገሩ ሚያሞቶ እንዲህ ማለቁ ያሳዝናል አለ። ሽያጩ ቆመ፣ ጌሙ ተስተካከለ፣ በአፕሪል 1992 በኒንቴንዶ በኩል ወጣና ከ5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ለገንዘብ የተቸገረ ድርጅት የተዋወቀ ጌም ሲያስቆም አስቡት!

«ሱፐር ስማሽ ብራዘርስ» የተባለው የድብድብ ጌምም የተወለደው በትርፍ ጊዜ ነው። ሳኩራይ ንድፉን ሲያወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ኢዋታ ቅዳሜና እሁድ ኮዱን ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ ፊት የሌላቸው ተደባዳቢዎች ነበሩ፤ ሳኩራይ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ ማሪዮንና ሌሎቹን የኒንቴንዶ ገጸ ባሕርያት አስገብቶ ሞከረው። በጃንዋሪ 1999 ወጣ። በእነዚያው ዓመታት ኢዋታ ለፖኬሞን ሠሪዎቹ ለጌም ፍሪክም ደርሶላቸዋል፤ የድብድቡን ኮድ ያለ ምንም ማብራሪያ ጽሑፍ አንብቦ፣ በአንድ ሳምንት ገደማ ኒንቴንዶ 64 ወደተባለው የጌም መሣሪያ አዛውሮታል።

ዕዳውም ተከፍሎ አለቀ። በ2000 ኢዋታ ወደ ኒንቴንዶ ሄደ፤ በ2002 ያማውቺን ተክቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። በጁላይ 2015፣ በ55 ዓመቱ አረፈ። ሳኩራይም በ2003 ሃልን ለቅቆ ነበር።

[ምስል፦ ከርቢ በፈረሰች ከተማ ውስጥ]

በማርች 2022 ሃል ከርቢን ሙሉ በሙሉ በሦስት አቅጣጫ በሚንቀሳቀስበት ዓለም አወጣው። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ይህን ከሠሩት ብዙዎቹ፣ ያኔ በኢዋታ ደስተኛ ነህ ወይ ተብለው ከተጠየቁት ሠራተኞች በኋላ የመጡ ናቸው። ውሻው ግን ጌሙ ሲከፈት አሁንም ጎጆው ላይ ነው።