አይተው ያላወቁ፣ አውቀው ያላዩ

እንዴት ሰነበታችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። የማወራው ደግሞ በዓይን ስለማይታዩት ነው፤ ስለ ባክቴሪያ፣ ስለ እርሾ፣ ስለ ሻጋታ፣ ስለ ቫይረስ። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ትምህርት ቤት የነገሩን ታሪክ አጭር ነው። አንድ ሆላንዳዊ በማጉያ መነጽር አየ። ከዚያ ፓስተር መጣ፣ ከዚያ ኮክ፣ ከዚያ ክትባት፣ አለቀ። እኔን የሚከነክነኝ ግን መሃሉ ነው። ባክቴሪያ የታየው በ1670ዎቹ ነው። ባክቴሪያ በሽታ እንደሚያመጣ በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠው በ1876 ነው። ሁለት መቶ ዓመት! ሰው ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርገው ነበር?

መጀመሪያ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ይባላል፣ የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ላቲን አያውቅም። ያን ጊዜ ላቲን ሳያውቁ ከሊቃውንት ጋር መጻጻፍ፣ ግዕዝ ሳያውቁ ቅኔ ልዝረፍ እንደማለት ነው። ጎጃም ላይ ይሄ አይሞከርም። እሱ ግን ሞከረው። ጨርቅ ነጋዴዎች የክሩን ጥራት በማጉያ መነጽር ያዩ ነበር፤ እሱ ደግሞ የራሱን መነጽር በእጁ እየሠራ ከሁሉም በለጠ። ከሠራቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የቆየ አንዱ 270 ጊዜ ያህል ያጎላል።

የሚያስቀኝ ደግሞ አነሳሱ ነው። ቁንዶ በርበሬ ምላስ የሚያቃጥለው ለምንድን ነው ብሎ ነበር የተነሳው። ምላስን የሚወጋ ሹል ነገር ይኖረዋል ብሎ ጠርጥሮ በርበሬውን ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈው። ሰነባብቶ ውኃውን ሲያየው ሹል ነገር የለም። የሚርመሰመሱ ነፍስ ያላቸው ነገሮች ሞልተውበታል። በ1676 ለንደን ላለው የሊቃውንት ማኅበር፣ ለሮያል ሶሳይቲ፣ ጻፈላቸው። አላመኑትም። ቄስና ውል አዋዋይ ሳይቀር ምስክር አቀረበ። በ1677 ከማኅበሩ ሊቃውንት አንዱ፣ ሮበርት ሁክ፣ ራሱ ሞክሮ እውነት ነው አለ። ሊውዌንሁክ ቀጥሎ የጥርሱን ቆሻሻ ፍቆ አየ፤ እዚያም ሞልተዋል።

ከዚያስ? ከዚያ ምንም። አየናቸው፣ ደነቀን፣ አበቃ። ምን ይሠራሉ ብሎ አጥብቆ የጠየቀ ብዙ አልነበረም። አንዱ ምክንያት ራሱ ሰውዬው ነው፤ ምርጡን መነጽር እንዴት እንደሚሠራ ለማንም ሳይናገር በ1723 ሙያውን ይዞ መቃብር ወረደ። ትልቁ ምክንያት ግን መልሱ ተይዞ ስለነበር ነው። በሽታ ከምን ይመጣል? ከክፉ አየር፣ ከግማት። አብዛኛው የአውሮፓ ሐኪም ይህንኑ ነበር የሚለው።

እዚህ ላይ ህዳር ሲታጠን ትዝ ይለኛል። በ1918 የህዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጀው የቀረው ልማድ ነው፤ ህዳር 12 ቆሻሻ ይጠረጋል፣ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ጭስ በጭስ ይሆናል። አንዳንድ የተማረ ሰው ይስቅበታል። እኔ አልስቅም። በዚያ ዓመት የዓለም ታላላቅ ላቦራቶሪዎችም በሽታው ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ብዙዎቹ አንድ ባክቴሪያ ላይ ጣታቸውን ቀስረው ነበር፣ እሱም አልነበረም። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የተገኘው ደግሞ በ1933 ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልምጣ። አያቴ ባክቴሪያ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። ጠላ ስትጥል ግን ብታዩዋት! ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታሻለች፣ ታለቀልቃለች፣ ከዚያ አፉን ገልብጣ በወይራ ታጥነዋለች። ጌሾና ብቅሉን ትጠነስሳለች፣ እንኩሮውን ታክላለች፣ ትደፈድፋለች፣ አፉን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። አንድ ጊዜ ጠላ የሆመጠጠበትን ጋን ደጋግማ ሳታጥን አታምነውም። ግራዋው የተጣበቀውን ያነሳል። ጭሱ የተረፈውን ያዳክማል። የጋኑ አፍ መዘጋት ደግሞ አልኮልን ወደ ኮምጣጤ የሚለውጡትን ባክቴሪያዎች አየር ያሳጣቸዋል። እርሾ ላይም እንዲሁ ናት፤ ከሊጡ ላይ ያቀረረውን ለሚቀጥለው ታስቀምጣለች፣ ካለቀባት ከጎረቤት ትበደራለች፣ ግን የማንንም እርሾ አትወስድም። የማን ቤት እርሾ ጥሩ እንጀራ እንደሚያወጣ ለይታ ታውቃለች። አንዱንም አላየችም። ሁሉንም ግን ታዛቸው ነበር።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተርም የጀመረው ከዚሁ ነው፣ ከመጠጥ። በ1856 ሊል ከተማ ከስኳር ቀይ ሥር አልኮል የሚያወጣ ፋብሪካ ባለቤት ጋኖቼ እየሆመጠጡብኝ ነው ብሎ መጣ። ፓስተር ከደህናውም ከተበላሸውም ወስዶ አየ። በደህናው ውስጥ ድቡልቡል እርሾ አለ። በተበላሸው ውስጥ ቀጫጭን ዘንግ የመሰሉ ሌሎች ናቸው ያሉት። በ1857 ወተትን የሚያኮመጥጠውን ሂደት ሕያዋን እንደሚሠሩት ጻፈ። አየና ጠየቀ፦ ማን ምን ይሠራል? የሁለት መቶ ዓመቱ እንቅልፍ እዚህ ላይ ነው የተነቃው፣ በእኔ አስተያየት። 

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው ግን ሮበርት ኮክ ነው፣ ምክንያቱም የጀመረው በአባ ሰንጋ ነው። ኮክ ጀርመናዊ የገጠር ሐኪም ነበር። በአካባቢው ከብትና በግ ድንገት እየወደቀ ይሞታል። የሞተ እንስሳ ደም በእንጨት ስንጥር አይጥ ላይ ወጋ፤ አይጧ ሞተች። ባክቴሪያውን ከበሬ ዓይን በወሰደው ፈሳሽ ውስጥ አራባ፣ ደጋግሞም አዛወረው፤ የደሙ ነገር ጠፍቶ ባክቴሪያው ብቻ ሲቀርም ይገድላል። ከዚህም በላይ ባክቴሪያው ችግር ሲመጣበት ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ እንደሚተኛ አየ። እንዲያ ተኝቶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። አንዳንድ ግጦሽ ላይ ከብት አይሰማራም የሚሉ ሽማግሌዎች ያለ ምክንያት አልነበረም የሚሉት።

ድንገት የሞተ ከብት አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይበላ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሬሳው ሲከፈት ባክቴሪያው አየር ያገኛል፣ ያን ቅርፊት ይለብሳል፣ መሬቱ ይበከላል። በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ነው። በሬው ለሞተበት ገበሬ ቆዳውንም ተወው ማለት ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሌላ መንገድ የለውም።

የኮክ ቤተ ሙከራ ሌላም ችግር ነበረበት። ባክቴሪያ የሚያሳድጉበት ጄላቲን ሲሞቅ ይቀልጥባቸዋል። መፍትሔውን ያመጣችው ፋኒ ሄሰ ናት፣ የአንዱ ባልደረባ ሚስት። ለማርማላታ የምትጠቀምበትን ከባሕር ሣር የሚወጣ አጋር ሞክሩት አለቻቸው። ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው እሱን ነው። ኮክ በ1882 የቲቢን ባክቴሪያ ሲያስታውቅ አጋርን ጠቀሰ፣ እሷን አልጠቀሰም። ይሄ ያናድደኛል። ከወጥ ቤት የወጣ እውቀት ስም የለውም።

አንድ ልጨምር፣ ግብጦ። መራራውን ለማውጣት ወራጅ ውኃ ውስጥ የምንዘፈዝፈው፣ አረቄ የሚወጣበት፣ ቆሎም የሚሆነው የእኛው ግብጦ። ገበሬው የደከመ መሬት ላይ ይዘራዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት እህሉ ያምራል። ምክንያቱ ያለው ከሥሩ ነው። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን የሚመግቡ ባክቴሪያዎች አሉ። በ1888 ለይቶ ያወጣቸው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ነው፤ የዴልፍት እርሾና አልኮል ፋብሪካ ተቀጣሪ ነበር። መጠጥ እንደገና!

ማሳ ያላችሁ ዘንድሮ አንድ ግብጦ ወይም ባቄላ ነቅላችሁ እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ሥራ አቁመዋል። ያያችሁትን በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ። ደህና ሁኑ።