አይሲ ከመቀየር በፊት፦ በቤት ስለተሠራ የሲንተሳይዘር ፊልተር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን በቤት ውስጥ ስለሚሠራ የሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ) ፊልተር፣ ይኸውም የድምፁን ቀጭን ክፍል እየቆረጠ ወፍራሙን ስለሚያሳልፍና የሚቆርጥበትን ቦታ በማዞሪያ ወይም በቮልቴጅ መለዋወጥ ስለሚቻል ሰርኪዩት ተነጋግረን ነበር። ስልኩ ያለማቋረጥ በመጮኹ ግን ብዙዎቹን ጠያቂዎች ሳናስተናግድ ሰዓቱ አለቀ። አብዛኞቹ ደዋዮች የሠሩት አሜሪካዊው የሲንተሳይዘር ሠሪ ሮበርት ሙግ በ1969 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበትን፣ ትራንዚስተሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንደ መሰላል የሚደረደሩበትን ዓይነት ስለሆነ መልሶቼም የሚያተኩሩት በእርሱ ላይ ነው።

ከሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ የደወሉ አድማጭ፦ «ቦርዱን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ የመብራት ምልክቱም ይበራል፤ ድምፅ ግን ፈጽሞ አይወጣም። አይሲውን ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ?»

ሦስተኛውን አይሲ፣ ማለትም ባለ ብዙ እግሩን ጥቁር ቺፕ፣ አይግዙ። በእጅ በተሠራ ቦርድ ላይ ችግሩ አይሲው ሆኖ የተገኘበት ጊዜ በእኔ ልምድ ጥቂት ነው። የመብራት ምልክቱ መብራትም ብዙ አይናገርም፤ ብዙውን ጊዜ የሚገናኘው ከፖዘቲቩ መስመር ጋር ብቻ ስለሆነ ኔጌቲቩ ቢጠፋም መብራቱ እንደበራ ይቆያል። ስለዚህ አይሲውን ከሶኬቱ ያውጡና የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ላይ አድርገው በቀዩ የሶኬቱን እግሮች ይለኩ። አይሲው ቲኤል 072 ከሆነ በ8ኛው እግር ላይ ፖዘቲቭ 12 ቮልት፣ በ4ኛው እግር ላይ ኔጌቲቭ 12 ቮልት ማግኘት አለብዎ።

በ4ኛው እግር ላይ ዜሮ ካገኙ ኔጌቲቭ 12 ቮልቱን አርግቶ ወደሚሰጠው ወደ 7912 ሬጉሌተር ይሂዱ። ጽሑፉ ወደ እርስዎ ዞሮ እግሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሲቆጥሩ የፖዘቲቩ ሬጉሌተር የ7812 ቅደም ተከተል መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ነው፤ የ7912 ግን ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። ሁለቱ መልካቸው አንድ በመሆኑ ብዙ ሰው እግራቸውም አንድ ይመስለዋል። በዚህ ላይ የ7812 የጀርባ ብረት ከግራውንድ ጋር ሲገናኝ የ7912 የጀርባ ብረት የሚገናኘው ከራሱ መግቢያ ጋር ነው፤ ሁለቱን በአንድ አሉሚኒየም ላይ ያለ መከላከያ ያሰረ ሰው ኔጌቲቩን መስመር ከግራውንድ ጋር በቀጥታ አጋጨ ማለት ነው።

ቮልቴጁ ትክክል ከሆነ ቀጥሎ የሚመረመረው የትራንዚስተሮቹ አቀማመጥ ነው። ብዙዎቻችሁ የምትከተሉት ንድፍ የተሣለው ለ2ኤን 3904 ሲሆን ከራዲዮ ጥገና ቤት ወይም ከአሮጌ ቴሌቪዥን የምታገኙት ደግሞ ቢሲ 547 ነው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እርስዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ቢሲ 547 ከግራ ጀምሮ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን 3904 ደግሞ ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። ስለዚህ በቦርዱ ላይ ከተሣለው ቅርጽ በተቃራኒ አዙረው መትከል ይኖርብዎታል። አስቸጋሪው ነገር፣ ተገልብጦ የተተከለ ትራንዚስተር ፈጽሞ ከመሞት ይልቅ እጅግ ደክሞ መሥራቱ ነው፤ በቴስተር ሲለካም ጤነኛ ስለሚመስል ሰው ጥፋቱን ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። እኔም በመጀመሪያው ቦርዴ ላይ ሁለት ቅዳሜ ያባከንኩት በዚሁ ነው።

ይህም ደህና ሆኖ ከተገኘ ድምፁን ይከተሉ። አንድ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከትንሽ ማጉያ መግቢያ ጋር ያያይዙና በነጻው እግሩ ከፊልተሩ መግቢያ ጀምረው ነጥብ በነጥብ እየነኩ ያዳምጡ። መጨረሻ ድምፅ በሰሙበትና መጀመሪያ ባጡበት ነጥብ መካከል ጥፋቱ አለ። በመሰላሉ ውስጥ ድምፁ በአሥሮች ሚሊቮልት የሚቆጠር ስለሆነ እዚያ ቢደክም አይደንግጡ። ድምፁ ሳይገባ ደግሞ በየደረጃው የግራና የቀኝ ትራንዚስተሮችን የኤሚተር ቮልቴጅ ያነጻጽሩ፤ ጥንዶቹ እኩል ሊሆኑ ይገባል። አንደኛው ወገን የተለየበት ደረጃ ላይ የቀዘቀዘ (በደንብ ሳይቀልጥ የደረቀ) ሶልደር ወይም እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተሰነጠቀ የመዳብ መስመር ይፈልጉ።

ከሃይቅ ዳር የደወሉ አድማጭ፦ «የሬዞናንሱን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው ባዞረውም ፊልተሩ አያፏጭልኝም። ምክንያቱ ምን ይሆን?»

ሬዞናንስ የምንለው ከፊልተሩ መውጫ የተወሰነ ድምፅ ወደ መግቢያው መመለስን ነው። ለመልሱ የማፏጨቱን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማልና ትንሽ ልዘርዝረው። መሰላሉ አራት ደረጃዎች አሉት። በመቁረጫው ድግግሞሽ ላይ እያንዳንዱ ደረጃ ድምፁን በ45 ዲግሪ ያዘገየዋል፣ መጠኑንም ወደ 0.707 ያወርደዋል። አራቱ ሲደመሩ መዘግየቱ 180 ዲግሪ ይሆናል፤ መጠኑም 0.707 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። እንግዲህ ከመውጫው ተገልብጦ ወደ መግቢያው የሚመለሰው ድምፅ ራሱን ችሎ እንዲቀጥል አራት እጥፍ መጉላት አለበት። እርስዎ የሠሩት የመመለሻ መንገድ ሦስት እጥፍ ብቻ የሚያጎላ ከሆነ ድምፁ ጎላ ብሎ ይሰማል እንጂ ማፏጨት ላይ አይደርስም። በመመለሻው መንገድ ላይ ያለውን ሬዚስተር ይመልከቱ፤ ቡናማ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ 10 ኪሎ ኦም ሲሆን ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቢጫ ደግሞ 100 ኪሎ ኦም ነው፤ በማታ መብራት ብርቱካናማና ቢጫ በቀላሉ ይምታታሉ።

ሌላው ሊኖር የሚችለው ችግር የመመለሻው አቅጣጫ መገልበጥ ነው። ይህንን ያለ መሣሪያ በጆሮ መለየት ይቻላል። በትክክል በተሠራ መሰላል ማዞሪያው ከፍ ባለ ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል፤ ብዙ ሰው እንደ ጉድለት ቢቆጥረውም የዚህ ፊልተር ጠባዩ ነው። በተቃራኒው ወፍራሙ እየጨመረ ሄዶ በድንገት ከታፈነ ሁለቱ የመመለሻ ሽቦዎች ተለዋውጠዋልና ያቀያይሯቸው።

ከመናኸሪያ አካባቢ የደወለ ተማሪ፦ «ፊልተሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም ድምፁ በብርድ ልብስ እንደተሸፈነ ነው።»

በካፓሲተሮችህ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ። 103 ተብሎ የተጻፈበት 10 ናኖፋራድ፣ 104 የተጻፈበት ደግሞ 100 ናኖፋራድ ነው። በተራ የሬዚስተርና የካፓሲተር ፊልተር 10 ኪሎ ኦም ከ10 ናኖፋራድ ጋር 1,590 ኸርዝ ገደማ ላይ ይቆርጣል፤ ካፓሲተሩ 100 ናኖፋራድ ከሆነ ግን 159 ኸርዝ ላይ። በመሰላሉም ውስጥ እንዲሁ፣ ካፓሲተሩ አሥር እጥፍ ሲሆን መቁረጫው በአሥር እጥፍ ይወርዳል።

ስማቸውን ያልገለጹ አድማጭ፦ «ፊልተሩ እንደ ንብ ያጉረመርማል።»

በአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው። ጉርምርምታው 50 ኸርዝ ከሆነ ከአካባቢው ሽቦ የሚለቀም ነው፤ እጅዎን ወደ ቦርዱ ሲያቀርቡ የሚለዋወጥ ከሆነም ያው ነው፤ መፍትሔው ቦርዱን በብረት ሣጥን ውስጥ አድርጎ ሣጥኑን ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ነው። በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለ፣ ማለትም 100 ኸርዝ ከሆነ ግን የሚመጣው ከራሱ ከኃይል ማቅረቢያው ነውና ከዳዮዶቹ በኋላ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች አርጅተው ይሆናል። ለመለየት ቦርዱን በሁለት ባለ 9 ቮልት ባትሪ ያሠሩት። ሰፈሩ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በባትሪም ሆኖ፣ አሁንም ቢያጉረመርም ደግሞ መብራት ኃይልን አይውቀሱ፤ ቦርዱ ራሱ በራሱ ድምፅ እየፈጠረ ነውና በየአይሲው የኃይል እግሮች አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይጨምሩ።

የቦርዱን ትርፍ መዳብ አሟሙተው ስላነሱበት የፌሪክ ክሎራይድ ውኃ ለጠየቁ፦ መዳብ የጠገበው ውኃ ለዓሣ መርዝ ስለሆነ ወደ ቦይም ሆነ ወደ ሐይቁ አይደፋም። ጉልበቱ እስኪያልቅ ደጋግማችሁ ተጠቀሙበት፤ የምታስቀምጡትም ምልክት በተለጠፈበት የፕላስቲክ ዕቃ እንጂ በብረት ቆርቆሮ አይሁን።

ከአዳማ የደወሉ አድማጭ፦ «ጠዋት ያስተካከልኩት የፊልተሩ ፉጨት ቀትር ላይ ከኪቦርዱ ጋር አይስማማም።»

የአዳማ ቀትር ለትራንዚስተርም ይከብደዋል። ቮልቴጁን ወደ ድግግሞሽ የሚቀይሩት ሁለት ትራንዚስተሮች ቤዝ ላይ 18 ሚሊቮልት ገደማ ሲጨመር ድግግሞሹ በእጥፍ ያድጋል፤ ትራንዚስተር ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 2 ሚሊቮልት ይዛነፋል። ሁለቱ እኩል ከሞቁ መዛነፉ በአብዛኛው ስለሚጣፋ ጀርባ ለጀርባ አጣብቀው ከሬጉሌተሩ ያርቋቸው። ጥንድ በሚመርጡበት ጊዜም በጣትዎ ከነኩት በኋላ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ የጣት ሙቀት ብቻውን ልኬቱን ያበላሻል። የቀረውን መዛነፍ ለማረም ልዩ የሙቀት ማካካሻ ሬዚስተር አለ፤ ሆኖም ፊልተሩን ለማጣሪያነት ብቻ የሚጠቀሙበት ከሆነ እርሱን ፍለጋ ገንዘብ ባያወጡ እመርጣለሁ፤ ጆሮ ልዩነቱን የሚያውቀው ፉጨቱን እንደ ዜማ መሣሪያ ሲጫወቱበት ነው።

በመጨረሻም ክራራቸውን በፊልተሩ ለማሳለፍ የሞከሩና ድምፁ የደከመባቸው አድማጭ ነበሩ። የሲንተሳይዘር ፊልተር የሚጠብቀው ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 10 ቮልት የሚደርስ ድምፅ ሲሆን፣ በክራሩ ላይ የተለጠፈው ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) የሚሰጠው በጣም ያነሰ ነው። በመካከል አንድ ቲኤል 072 ያስገቡ፤ ፒክአፑን ከ3ኛው እግር ጋር፣ ከዚያው እግር ወደ ግራውንድ 1 ሜጋ ኦም፣ ከ1ኛው ወደ 2ኛው እግር 100 ኪሎ ኦም፣ ከ2ኛው ወደ ግራውንድ 4.7 ኪሎ ኦም ያገናኙ። ይህ 22 እጥፍ ያህል ያጎላል። ከመውጫው በኋላ አንድ ቮልዩም ያድርጉበት፤ መሰላሉ ከልክ በላይ ሲጫን የክራሩ ድምፅ ሻከር ብሎ ይወፍራል፤ ምን ያህል መሻከር እንዳለበት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት።