ከመስመሩ በፊት ቆጠራው

የተከበራችሁ ሠዓሊያን፣ አኒሜተሮችና የካርቱን ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የዛሬ ጉዳያችን አንድ አሳማና አንድ ዳክዬ ናቸው። አሳማው ፖርኪ ፒግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ብቅ አለ። ዳክዬው ዳፊ ዳክ በ1937 ተከተለው። አንዱ ተብታባ፣ ሌላው ኮልታፋ፤ ሁለቱም ሉኒ ቱንስ በሚባሉት አጫጭር ካርቱኖች ያደጉ ናቸው። ፒተር ብራውንጋርት ያዘጋጀው የ91 ደቂቃ ፊልም ዘ ዴይ ዘ ኧርዝ ብሉ አፕ እነዚህን ሁለቱን ይዞ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 በፈረንሳይ አንሲ ከተማ የአኒሜሽን ፌስቲቫል ላይ ታየ፤ በማርች 2025 ደግሞ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገባ። በኮምፒውተር የተቀረጸ አሻንጉሊት መሰል ነገር አይደለም፤ በእጅ የተሳለ ነው። ከሁሉ ዝነኛ የሆነው ጥንቸል ባግስ በኒም የለበትም። ደፋር ውሳኔ ነው። እሱ ከገባ ፊልሙን ጠቅልሎ ይወስደው ነበር።

የቆየ ገጸ ባሕሪ እንደገና ሲነሳ መጀመሪያ የሚቀርበው ጥያቄ “መልኩ የድሮውን ይመስላል ወይ?” የሚል ነው። መልኩማ ይገኛል፤ ጥሩ እጅ ያለው ሠዓሊ በአንድ ሳምንት ይለማመደዋል። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ዳክዬው ከመጮሁ በፊት ስንት ፍሬም ዝም ይላል? ፍሬም ማለት ፊልሙ ላይ ተከታትለው ከሚያልፉት ምስሎች አንዱ ነው።

በድሮው አሠራር ዳይሬክተሩ አንድም የአኒሜሽን ስዕል ከመሳሉ በፊት ጊዜውን በወረቀት ላይ በፍሬም ከፋፍሎ ይጨርስ ነበር። አንድ ጫማ የ35 ሚሊሜትር ፊልም 16 ፍሬም ይይዛል፤ 90 ጫማ አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሥራው የሚለካው በጫማ ነበር። የሉኒ ቱንሱ ዳይሬክተር ቹክ ጆንስ፣ ኮዮቴ የሚባለው ቀበሮ መሰል ገጸ ባሕሪው ከገደል ሲወድቅ፣ ወደ ታች እየራቀ እስኪጠፋ 18 ፍሬም፣ ከዚያ አቧራው ቡን እስኪል 14 ፍሬም ይሰጥ ነበር። ያቺ 14 ፍሬም ባዶ ናት፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለባትም። ሳቁ ግን ያለው እሷ ውስጥ ነው። ወደ 8 ብትቀንሷት ተመልካቹ አይደርስባትም፣ ወደ 24 ብትለጥጧት ይሰለቻል።

ወደ ዳፊ እንምጣ። ዳፊ አንድ ሰው አይደለም፤ ሁለት ነው። የመጀመሪያው የ1930ዎቹ መጨረሻና የ1940ዎቹ ዳፊ ነው፤ ያለ ምክንያት የሚያብድ፣ ውኃ ላይ የሚዘል፣ ራሱን መያዝ የማይችል። ሁለተኛው ጆንስ በ1950ዎቹ ያበሰለው ቀናተኛውና ስስታሙ ነው፤ ይሸነፋል፣ ይናደዳል፣ ወደ እኛ ዞሮ ያፈጣል። አዲሱ ፊልም የመጀመሪያውን መርጧል፤ ቅርበቱ ለሌላው የድሮ ሉኒ ቱንስ ዳይሬክተር ለቦብ ክላምፔት እጅ ነው። ምርጫው የጠባይ ብቻ ሳይሆን የቁጥርም ነው። እብዱ ዳፊ አቋሙን ከ6 እስከ 8 ፍሬም ይዞ ወደ ሌላው ይወረወራል። ቀናተኛው ዳፊ ግን አንዷን አስተያየት ለ20 እና ለ30 ፍሬም ሳይነቃነቅ ይይዛታል፤ የሚርገበገበው ዓይኑ ብቻ ነው። የአንዱን ስዕል በሌላው ቆጠራ ስትሠሩት የሚወጣው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚያስጠላ ነገር ነው። ተማሪ “መስመሬ ልክ ነው፣ ግን አያስቅም” ብሎ ሲመጣ ከአሥሩ ዘጠኝ ጊዜ ነገሩ እዚህ ጋ ነው።

አሁን የድካሙን ልክ እናስላ። ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ያሳያል። 91 ደቂቃ 5,460 ሰከንድ ነው፤ ማለትም 131,040 ፍሬም። እያንዳንዱን ስዕል ለሁለት ሁለት ፍሬም ብናቆየው 65,520 ስዕል ይደርሳል፤ ይህም ስክሪኑ ላይ አንድ ገጸ ባሕሪ ብቻ ሲኖር ነው። አሳማውና ዳክዬው አብረው ሲታዩ እጥፍ ይሆናል። ለሲኒማ በጥንቃቄ የሚስል አኒሜተር በሳምንት ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ያወጣል። በ4 ብንይዘው አንድ ሰው ብቻውን ከ26 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ማጽዳቱ፣ ማለትም ሻካራውን ንድፍ በንጹሕ መስመር መልሶ መሳሉ፣ እና ቀለሙ ገና ሳይቆጠር።

ሥራው የሚጀምረው ከድምፅ ነው። በዚህ ፊልም የፖርኪንም የዳፊንም ድምፅ የሠራው አንድ ሰው፣ ኤሪክ ባውዛ ነው፤ ድሮም ከ1937 ጀምሮ ሁለቱን ሜል ብላንክ ብቻውን ይዟቸው ነበር። ድምፁ ከተቀዳ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል በስንተኛው ፍሬም ላይ እንደሚወድቅ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ ዋናው አኒሜተር ቁልፍ ስዕሎቹን፣ ማለትም የእንቅስቃሴውን ዋና ዋና አቋሞች፣ ያወጣል፤ ከዚያ በሁለት ቁልፎች መሃል መንገዱን የሚወስነው ማለፊያ ስዕል፣ በመጨረሻ የቀረውን ክፍተት የሚሞሉት መሙያ ስዕሎች።

ብልሽቱ በብዛት የሚገባው በመሙያዎቹ በኩል ነው። ጀማሪ ሁለቱን ቁልፎች መብራት ጠረጴዛው ላይ ደራርቦ፣ በትክክል መሃላቸው ላይ ይስላል። ክንድ ግን በቀጥታ መስመር አይሄድም፤ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ በቅስት ይዞራል። መሃል ለመሃል የተሳለ ክንድ እዚያው መንገድ ላይ ያጥርና ተመልሶ ይረዝማል። መድኃኒቱ ቅስቱን በሰማያዊ እርሳስ አስቀድሞ ማስመር፣ መዳፉን እሱ ላይ ማስቀመጥ፣ ክንዱን በመጨረሻ ማገናኘት ነው።

ሁለተኛው ብልሽት የይዘት፣ ማለትም የገላው መጠን፣ መሸርሸር ነው። ፖርኪ ክብ ላይ ክብ የተሠራ ነው። ወደ ታች ሲጨፈለቅ ወደ ጎን ካልሰፋ አየሩ እንደወጣ ኳስ ይሆናል። አምስት ስዕል አለፍ እያላችሁ ከመጀመሪያው ስዕል ጋር አመሳክሩት፤ ከጎረቤቱ ስዕል ጋር ብቻ ካመሳከራችሁት በየስዕሉ አንድ ሚሊሜትር ይሰረቃል፣ በሃያኛው ላይ አሳማው ግልገል ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የተለጠጠው ስዕል ደግሞ፣ ዳፊ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲወነጨፍ ፊቱ እንደ ማስቲካ የሚሳበው፣ ለአንድ ፍሬም ብቻ የሚኖር ነው። ሁለት ፍሬም ካቆያችሁት ዓይን ይይዘውና “ስህተት ነው” ይላል። ካሜራው ዳራውን በየፍሬሙ እየገፋ ሳለ እግሩን በየሁለት ፍሬም ከሳላችሁት እግሩ መሬት ላይ ይንሸራተታል፤ እዚያ ቦታ ላይ ቁጠባ የለም፣ በየፍሬሙ መሳል ግድ ነው።

በወረቀት የምትሠሩ ወረቀቱን የሚይዙትን ሦስት ችካሎች ጠብቁ፤ መሃሉ ክብ፣ ዳርና ዳሩ ጠፍጣፋ ናቸው። የወረቀቱ ቀዳዳ ከላላ ገጸ ባሕሪው ዝም ብሎ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ጥፋቱ የእጅ ይመስላል እንጂ የእጅ አይደለም። በታብሌት የሚሠራ ይህ ችግር የለበትም፤ ፈተናው ሌላ ነው። መስመሩን ያለማቋረጥ ማጉላትና ማረም ስለሚቻል ስዕሉ ይጸዳል፣ ይጸዳል፣ ነፍሱም አብራ ትጸዳለች። በማጽዳት ጊዜ ሻካራው ንድፍ ላይ የነበረው የወገብ ጉብጠት በግማሽ ከቀነሰ መልሱት።

የፖርኪ መንተባተብ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቀልዱ መንተባተቡ አይደለም፤ አንድ ቃል ላይ ታግሎ ታግሎ መተውና በሌላ ቃል መገላገሉ ነው። “ደ-ደ-ደህ-ደህ… ሰላም ነው!” እንደ ማለት። ለእያንዳንዷ “ደ” አፍ ከከፈታችሁና ከዘጋችሁ የጥርስ መንገጫገጭ ይሆናል። ትግሉን ለጭንቅላቱና ለትከሻው ስጡት፤ አፉ ጥቂት ቅርጾች ላይ ብቻ ይረፍ፣ “ሰላም” የምትለዋ ላይ መላ ሰውነቱ ይፈታ።

ስድስት ሰባት ደቂቃ የለመዱትን ወደ 91 ደቂቃ መዘርጋት ግን የአኒሜተር ብቻ ሳይሆን የታሪክ ጸሐፊው ራስ ምታት ነው። እዚህ ሁለቱን እንደ ወንድማማች አብረው ያደጉ አደረጓቸው፤ የቤታቸው ጣሪያ ተበሳ፣ ካላደሱት ቤቱ ከእጃቸው ሊወጣ ሆነ፣ ገንዘብ ፍለጋ ማስቲካ ፋብሪካ ገቡ፤ ከህዋ የመጣው ጉድ በማስቲካው በኩል ሰውን ሁሉ ይቆጣጠር ጀመር። ጣሪያዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን ተመልካቹ ዓለም ሲጠፋ ባይጨነቅ እንኳ ለቤት ይጨነቃል። ብልሃቷን ወድጃታለሁ። መሃሉ ላይ የሚረዝም ቦታ አለ፤ ያም ሆኖ ክሩ አይበጠስም።

በመጨረሻ በአማርኛ ለምትሠሩ። ከሌላ ቋንቋ የተገለበጠ የአፍ ቅርጽ ሰንጠረዥ አትጠቀሙ፤ ፊደል ገበታው ሰንጠረዥ ነው። ካዕብ ጠባብ ክብ አፍ፣ ሳብዕ ሰፋ ያለ ክብ፣ ሣልስ የተለጠጠ ከንፈር፣ ኃምስ እሱው ትንሽ ከፈት ብሎ፣ ራብዕ ሙሉ ክፍት፣ ግዕዝ ከፊል ክፍት፣ ሳድስ ሊዘጋ የደረሰ። በእነዚህ ላይ ለመ፣ ለበ፣ ለፐና ለጰ የተዘጋ ከንፈር፣ ለፈ የታችኛው ከንፈር ጥርስ ሥር የገባበትን ጨምሩ። ዳክዬ ጥርስ ስለሌለው ፈ ሲል የታችኛው መንቁር ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የተዘጋው አፍ ቢያንስ 2 ፍሬም ይቆይ፤ ካነሰ አይታይም። ስዕሉ ከድምፁ 1 ወይም 2 ፍሬም ይቅደም እንጂ አይዘግይ።

ጠብቆ የሚነበበውንም አትርሱ። “ሰባ” ላልቶ ሲነበብ ቁጥር ነው፤ ለበ 2 ፍሬም ይበቃዋል። ጠብቆ ሲነበብ አሳማው ወፍሯል ማለት ነው፤ ከንፈሩ 4 ፍሬም ተዘግቶ ይቆይ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ እቀበላለሁ።