እንቁጣጣሽ ዓርብ ሲውል፦ ጓደኛ ጠርቶ የጾም ማብላት

ያሬድ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን። ፍልሰታ ወጥቶ፣ ሥጋ ለምደን፣ በቃ ዓመቱን በዶሮ እንቀበላለን ብዬ ስጠብቅ ሰሚራ የቀን መቁጠሪያ ይዛ መጥታ ቀኔን አበላሸችው።

ሰሚራ፦ እኔ ምን አጠፋሁ? መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ነው አልኩ እንጂ።

ያሬድ፦ እሱን ነው የምልሽ! በ2017ም ረቡዕ ውሎ ምስር ስንበላ ነው የዋልነው።

ሰሚራ፦ እኔን ሁሌ ግራ የሚገባኝ ግን፣ ገና ዓርብ ሲውል ትበላላችሁ አይደል እንዴ?

ያሬድ፦ ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይ ዓርብ ቢውሉ ይበላል። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀንም እንደዚያው ነው፤ ረቡዕ ዓርብ የለበትም። እንቁጣጣሽ ግን ይሄ ዕድል አልደረሰውም። ስለዚህ የሚጾም ሰው ዶሮውን ለቅዳሜ ያቆየዋል፣ ካልሆነም ለመስቀል። መስቀል ዘንድሮ እሑድ ነው፣ እግዜር ይስጠው።

ሰሚራ፦ እኔ ደግሞ የዛሬውን ክፍል ይዤ የመጣሁት ለተቃራኒው ነው። ጓደኞችህን ቤትህ ጠርተህ የምታበላ ከሆነ፣ ከዓመቱ በዓል ሁሉ የዘንድሮውን እንቁጣጣሽ የሚያህል ቀን አታገኝም።

ያሬድ፦ በይ አስረጂኝ። ዘፈኑ አለ፣ አደይ አበባው አለ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፤ መሶቡ ሲከፈት ጎመን!

ሰሚራ፦ (ሳቅ) ቆይ። የእኛን ጓደኞች ቁጠራቸው። አንተ ትጾማለህ። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እናንተ ቤት የታረደውን አልበላም። አንተም እኛ ቤት ለዒድ ስትመጣ ሥጋውን አትነካም። ሁለቱ ጓደኞቻችን ፕሮቴስታንት ናቸው፣ የዓርብ ጾም አይጾሙም። ሌላዋ ደግሞ ሥጋ ካቆመች ቆየች። ዶሮ የተሠራ ቀን እነዚህን ሰዎች አንድ ትሪ ዙሪያ እንዴት ታስቀምጣቸዋለህ?

ያሬድ፦ ለአንቺ ለብቻሽ ይሠራልሻ። መቼ ተርበሽ ታውቂያለሽ?

ሰሚራ፦ አልተራብኩም፣ ተሳቅቄያለሁ። ሁሉም ትሪውን ከቦ እየተጎራረሰ፣ ለእኔ በፎይል የተሸፈነች ሰሃን ከኩሽና ትመጣለች። የቤቱ እመቤት ደግሞ ጆሮዬ ላይ፣ «ድስቱም ጭልፋውም ለብቻ ነው፣ አይዞሽ» ትለኛለች። ከልቧ ነው፣ ደግነቷ ያስለቅሳል። ግን ሰሃኗን ይዤ ሶፋው ጥግ ለብቻዬ ነው የምበላው። ማን ያጎርሰኛል? ሠርግ ላይ ያው ነው፤ የሙስሊም ምግብ በዚያ በኩል ተብሎ ከጓደኞችህ ትለያለህ። ዓርብ ቀን ግን ሽሮው የሁላችንም ነው።

ያሬድ፦ እሺ፣ ይሄን አልክድም። ግን እኔ የምፈራው ሰው «በዓል ተብሎ በያይነቱ?» እንዳይል ነው። በያይነቱ እኮ ሥራ ቦታ በየሳምንቱ እንበላለን።

ሰሚራ፦ እሱ የአሠራር ጉዳይ ነው። የምግብ ቤት በያይነቱ ስድስት ነገር ደርድሮ አንዱም አንጀት አይደርስም። ጓደኛ ስትጠራ አራት ነገር ይበቃል፣ አራቱ ግን ጥንቅቅ ይበሉ። እኔ የምለው ምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ አዚፋ፣ አንድ አረንጓዴ ነገር። ከዚያ ለአንተ እንባ ማበሻ የእንጉዳይ ጥብስ።

ያሬድ፦ ዓሣስ?

ሰሚራ፦ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ቤቴ ማስገባት አልፈልግም። ምሳው ይበርዳል እነሱ ሳይጨርሱ።

ያሬድ፦ (ሳቅ) ልክ ነሽ። በይ ከምስሩ እንጀምር፣ ለስንት ሰው ነው?

ሰሚራ፦ ለአሥር። ዋናው ሥራ የሚያልቀው ሐሙስ ማታ ነው፣ እሱም ቁሌቱ ነው። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፋል። በደረቅ ድስት፣ ዘይት የሚባል ሳይገባ፣ መካከለኛ እሳት ላይ። መጀመሪያ ውኃውን ይተፋል፣ ከዚያ ውኃው ያልቅና ድስቱን መያዝ ይጀምራል። እዚህ ጋ ነው ሰው ቸኩሎ ዘይት የሚደፋው። አትድፋ። ጠብ ጠብ እያደረግህ ውኃ እየሰጠኸው አማስለው፤ ሽንኩርቱ ሟሙቶ ቡናማ እስኪሆን።

ያሬድ፦ እጅ ያማል እኮ።

ሰሚራ፦ ለዚህ ነው አንተን የጠራሁህ። ከዚያ ዘይቱ፣ ሁለት የቡና ሲኒ በርበሬ፣ አሁንም ትንሽ ትንሽ ውኃ። በርበሬው ጥሬ ጥሬ መሽተቱን ትቶ ዘይቱ ከላይ ብቅ ሲል ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን ጨምረህ ታወርደዋለህ። ይሄን ቁሌት ለሁለት ክፈለው። በግማሹ አንድ ኪሎ የታጠበ ምስር ክክ ይገባል፣ ትንሽ ታገላብጠውና የፈላ ውኃ፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ምስሩ ፈርሶ ገንፎ ሳይሆን፣ ፍሬው ገና ሲታይ አውጣው። ጨውና መከለሻ መጨረሻ ላይ።

ያሬድ፦ ሐሙስ ማታ ተሠርቶ ዓርብ ይቀርባል ማለት ነው።

ሰሚራ፦ እንዲያውም አድሮ ነው የሚጥመው። ሌላው የጾም ምግብ ጸጋ ደግሞ ቢቀዘቅዝም ይበላል። ዶሮ ወጥ ሲቀዘቅዝ ቅቤው ይረጋል፣ ከማሞቅ ሌላ ምርጫ የለህም። ፈሳሽ ዘይት ግን አይረጋም። በበዓል ቀን መብራት ቢሄድ፣ የሚሄድበት ጊዜ አያጣውም፣ ምሳህ እንዳለ ነው። ቡታጋዝ ካለህ የሽሮው ነገር ብቻ ነው የሚቀርህ።

ያሬድ፦ ሽሮ ለምን አያድርም?

ሰሚራ፦ ይጋገራል፣ ጭልፋ ያቆማል። እንግዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ነው ሽሮ የሚጣደው። የቀረውን ቁሌት በውኃ አቅጥነህ ሲንተከተክ ዱቄቱን በአንድ እጅ እየነሰነስክ በአንድ እጅ ታማስላለህ። ከእነዚህ ሁሉ ምግቦች ጋር ግማሽ ኪሎ ዱቄት ለአሥር ሰው ይተርፋል። ሽታው ደግሞ ደረጃው ላይ ይቀበላቸዋል።

ያሬድ፦ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚወጣ ሰው ያ ሽታ ያስፈልገዋል።

ሰሚራ፦ አዚፋ ጠዋት ነው። ድፍን ምስር ቀቅሎ ውኃውን አጥሎ ማቀዝቀዝ፤ በሹካ ግማሹን ደፍጠጥ፣ ግማሹን እንዳለ መተው። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ሰናፍጭ። ሰናፍጩ አፍንጫ ካልሰነጠቀ አዚፋ አይባልም።

ያሬድ፦ እንጉዳዩን እኔ ልናገር፣ ይሄን እችልበታለሁ። መጥበሻው በጣም ይጋል፣ እንጉዳዩ በትንሽ በትንሹ ይግባ። ሁሉንም አንዴ ከከመርከው ውኃውን ይለቅና ይቀቀላል፣ ጥብስ አይሆንም። ጠርዙ ቀላ ሲል ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል። ጨው መጨረሻ ላይ።

ሰሚራ፦ ይኸው፣ ለቅሶው ቆመ።

ያሬድ፦ ቆሞ ነው? ቅዳሜ ዶሮዬን እሠራለሁ፣ ቤተሰቤ ጋ። ግን እሺ፣ ለጓደኞች ገብቶኛል። ሰዓቱ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የሚጾም ሰው ስትጠሩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ አለና በስድስት ሰዓት ጠርታችሁ አፍጥጣችሁ አትዩት። ጥሪውን ዘጠኝ ሰዓት አድርጉት። የጁምዓ ሰላትም አልቋል፣ ሁሉም ከቤተሰብ ምሳው ተነስቶ ይመጣል።

ሰሚራ፦ ጥሩ አልክ፤ እኔም ከጁምዓ በኋላ ነው የምመቸው። አሜሪካ ያሉት ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለባቸውም። ዓርብ ሥራ ነው፣ በዓሉን ወደ ቅዳሜ ወይ እሑድ ገፍተው ዶሮአቸውን ይበላሉ።

ያሬድ፦ አያስቀኑም? እሺ አቀራረቡ። እኔ ቡፌ ነው የምለው። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ ደርድር፣ ሁሉም ሰሃኑን ይዞ ያንሳ።

ሰሚራ፦ እኔ ትሪ! አንድ ላይ እንብላ ብዬ ይሄን ሁሉ ተከራክሬ በሰሃን ልትበትነን? ሁለት ትልልቅ ትሪ፣ ለአምስት ለአምስት ሰው፣ ምንጣፉ ላይ ትራስ ጣል ጣል አድርገህ። ሶፋ ላይ መቀመጥ የፈለገ ትልቅ ሰው ካለ እሱ ብቻ በሰሃን።

ያሬድ፦ ትሪ ቶሎ ይንቦጫረቃል እኮ።

ሰሚራ፦ አወጣጡን ካላወቅክ ነው። እንጀራውን ደራርበህ አንጥፍ፣ ምስሩና ሽሮው ርጥብ ስለሆኑ መሀል፣ ጎመኑና እንጉዳዩ ደረቅ ስለሆኑ ዳር፣ በየሰው ፊት። አዚፋውን በትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠው፣ ካልሆነ ሎሚው እንጀራውን ያረጥበዋል። የሱፍ ፍትፍት ካለም እንደዚሁ። መጀመሪያ ትንሽ ትንሽ አውጣ። ሁሉንም አንዴ አትከምር። ድስቱን ይዘህ በጭልፋ እየዞርክ ትጨምራለህ፣ ያኔ «ኧረ በቃኝ፣ በሞቴ» የሚለውም ይመጣል።

ያሬድ፦ እንጀራስ?

ሰሚራ፦ ለሰው ሁለት ተኩል አስብ፣ የሚነጠፈውን ጨምሮ። ለአሥር ሰው ሃያ አምስት። እንጀራ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት እዘዙ። በዓሉ ጠዋት የእንጀራ ሻጯ በር ዝግ ነው፣ እሷም ሰው ናት፣ በዓል አላት።

ያሬድ፦ «ምን ላምጣ?» ብሎ የሚደውል ጓደኛስ? እኔ ሁሌ «አይ፣ አንተ ብቻ ና» እላለሁ፤ ከዚያ አሥሩም ለስላሳ ይዘው ይመጣሉ።

ሰሚራ፦ (ሳቅ) አሥር ሁለት ሊትር! ቁርጥ አድርገህ ንገራቸው። አንዷ እንጀራ፣ አንዱ ድፎ ዳቦ፣ አንዱ ቡናና ፈንዲሻ። ብርዝ ወይ ቀሪቦ የሚያመጣም ይኑር። ጠላ የሚጠጣም የማይጠጣም ስላለ፣ ሁሉም የሚያነሳው አንድ መጠጥ መኖር አለበት። ድፎውን ስታዝ ግን ወተትም ቅቤም እንዳይነካው አስጠንቅቅ። ዳቦ ቤቱ ለጣዕም ብሎ ሊጨምርበት ይችላል።

ያሬድ፦ ሽሮውንም አስጠንቅቂ። ከቤተሰብ የመጣ ሽሮ አንዳንዴ ቅቤ የነካው ይሆናል፣ የተላከበትን ዕቃ እንኳ ማየት ነው።

ሰሚራ፦ እውነትህን ነው። እኔ ደግሞ ለእኛም ልበል፦ የሙስሊም እንግዳ ካላችሁ ድስቱ የዶሮ ሽታ እንዳይኖረው ቀድማችሁ በደንብ እጠቡት። ብዙ ሰው አይናገርም፣ ግን ይረዳል።

ያሬድ፦ ሌላ የረሳነው? አበባየሆሽ የሚሉት ሕፃናት! ጠዋት ነው የሚመጡት፣ ግን ከሰዓትም የሚያንኳኳ አይጠፋም። ዝርዝር ብር በር አጠገብ አስቀምጡ። እጃችሁ ሽሮ ላይ እያለ ቦርሳ ፍለጋ አትሩጡ።

ሰሚራ፦ ዳቦም ይቆረስላቸው። ከዚያ ቡናው። ቡናውን እኔ አፈላለሁ፣ እስከ በረካ ድረስ። ማንም ከአቦል ላይ ተነስቶ አይሄድም።

ያሬድ፦ ማንም አይሄድም። ሳህኑን ማን ያጥባል?

ሰሚራ፦ ሽንኩርቱን የከተፈ አያጥብም።

ያሬድ፦ እኔ ነኛ የከተፍኩት! ሁለት ኪሎ!

ሰሚራ፦ ገና አልከተፍክም። ሐሙስ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እጠብቅሃለሁ፣ ቢላውን አስለህ ና።