በማያውቁት ሰው መቃብር ላይ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ወጣቶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ መቃብር ነው። ርእሱ ከበድ ይላል። ግን እዚህ እንግሊዝ አገር ለምንኖር ሀበሾች ቅርብ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ፣ በተለይ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዊልትሺር በኩል፣ ሜዳው ላይ ክብ ክብ የአፈር ጉብታዎች ታያላችሁ። ሣር ለብሰዋል፣ በጎች ይግጡባቸዋል። ብዙዎቹ የነሐስ ዘመን መቃብሮች ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2200 እስከ 1500 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ሠሪዎቹ ጽሑፍ አልነበራቸውም። ስማቸውንም ቋንቋቸውንም የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። ሮማውያን መጡ፣ ገዙ፣ ሄዱ። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ዛሬ ሰሜን ጀርመን፣ ዴንማርክና ኔዘርላንድስ ከምንላቸው አገሮች ሰዎች ባሕር ተሻግረው ገቡ። አንግሎ-ሳክሰን የምንላቸው እነዚህን ነው። እንግሊዞች ቋንቋቸውን የወረሱት ከነሱ ነው። በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ የዘረ መል ጥናት፣ በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ የተቀበሩ የዚያ ዘመን ሰዎች የዘር ሐረጋቸው እስከ 76 በመቶ ድረስ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ቀሪው የነባሩ ሕዝብ ነው። ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል።

እና እነዚህ ሰዎች ዘመድ ሲሞትባቸው የት ቀበሩ? ጥቂት የማይባሉት እነዚያ አሮጌ ጉብታዎች ላይ። ሃዋርድ ዊልያምስ የተባሉ አርኪዮሎጂስት በ1997 ባወጡት ጥናት፣ ከሚታወቁት የጥንት አንግሎ-ሳክሰን መቃብር ቦታዎች ሩብ ያህሉ ከነሱ በፊት የነበረ ሕዝብ በሠራው ነገር ላይ ወይም አጠገብ እንደሚገኙ አሳይተዋል። ከሁሉም የሚበዙት ክብ ጉብታዎቹ ናቸው።

ጊዜውን ልብ በሉልኝ። አንድ ጉብታ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ተሠራ እንበል። አንግሎ-ሳክሰኑ ልጁን እዚያው የቀበረው በ550 ነው። መሀሉ 2,500 ዓመት ነው። ከዚያ ሰው እስከ እኛ ደግሞ 1,500 ዓመት እንኳን አይሞላም። ጉብታው ለሱ የነበረው እርጅና፣ እሱ ለኛ ካለው እርጅና በጣም ይበልጣል።

አንዱን ቦታ ቀረብ ብለን እንየው። በሶልዝበሪ ሜዳ፣ የጥንት ትልልቅ ድንጋዮች ከቆሙበት ከስቶንሄንጅ ብዙም በማይርቅ የጦር ልምምድ ቦታ ውስጥ ባሮ ክለምፕ የሚባል ጉብታ አለ። ባጀር የሚባሉት ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬዎች ገብተውበት የሰው አጥንት ወደ ላይ ያወጡ ጀመር። ጉብታው በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው፤ ዝም ቢባል ሊጠፋ ነው። ከ2012 ጀምሮ ባለሙያዎች ቆፈሩት። አብረዋቸው የቆፈሩት እነማን ነበሩ? አፍጋኒስታን ዘምተው የቆሰሉ ወታደሮች። አካላቸው የተጎዳ ነበረ፣ መንፈሳቸው የተጎዳም ነበረ። በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ በትንሽ መፋቂያ አፈሩን ቀስ እያደረጉ ሲያነሱ፣ የ6ኛው ክፍለ ዘመን መቃብሮች ተራ በተራ ብቅ አሉ። ጦር፣ የጋሻ ብረት፣ አምበር ከሚባል ከደረቀ የጥንት ዛፍ ሙጫ የተሠራ ዶቃ፣ በነሐስ ጥምጥም የታሰረ የእንጨት መጠጫ ተገኘ። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር ከጦሩ ጋር የተቀበረን ሰው ከአፈር ሲያወጣ ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱት። እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እዚያው ዊልትሺር ውስጥ ስዋሎክሊፍ ዳውን የሚባል ቦታ በ1966 ሌላ ጉብታ ተቆፈረ። በነሐስ ዘመኑ ጉብታ መሀል በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቀበረች ወጣት ሴት ተገኘች። የተኛችው በአልጋ ላይ ነበር፤ እንጨቱ በስብሶ ብረቱ ቀርቷል። ሁለት የብርጭቆ መጠጫ፣ ባልዲ፣ ያጌጠች ቦርሳ፣ ትንሽ ሳጥን አብረዋት አሉ። ሳጥኑ ውስጥ የብር ማንኪያና ማበጠሪያ ነበረ። እናት ልጇን ስትድር የምታሟላላትን ያህል ነው ያሟሉላት። ይህች ልጅ የትልቅ ሰው ልጅ ነበረች። ለሷ አዲስ ጉብታ መሥራት የሚያቅተው ቤተሰብ አልነበረም። ግን አሮጌውን መረጡ።

ለምን? አንዳንዶች ቦታው ከፍ ያለና ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ ተመቻቸው ይላሉ። እውነት አለው። ለኔ ግን አይበቃኝም። ሰው ሲሰደድ የአያቶቹን መቃብር ተሸክሞ አይሄድም። መሬት የኔ ነው ለማለት ደግሞ በየትም አገር የመጀመሪያው ማስረጃ የአባቶች አጥንት ነው። እኛም አባቶቻችን አጥንታቸውን የከሰከሱበት እንላለን። እነዚህ ሰዎች አፅመ ርስት አልነበራቸውም። ስለዚህ አበጁ። የማያውቁትን ሟች አባታችን አሉት፣ ልጃቸውንም አጠገቡ አስተኙ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ በመሬት ሲፋጁ፣ ባለጠጎች እንዲህ ባለ ጉብታ ውስጥ ለብቻቸው መቀበራቸው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም።

ወደ ራሳችን ልምጣ። ከእኛ መሀል ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ምንድን ነው? አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚሁ ይቀበር? እድር ይጠራል፣ ገንዘብ ይዋጣል። «የአገሬን አፈር አልብሱኝ» ብለው የተናዘዙ አሉ፤ ቃላቸው መከበር አለበት። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆቻቸው ግን መቃብራቸውን ለመጎብኘት አውሮፕላን መሳፈር አለባቸው። ይህን ጥያቄ በግልጽ የምንነጋገርበት ጊዜ የደረሰ ይመስለኛል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ዓይናችን እንባ ሞልቶ ሳይሆን፣ በደህናው ቀን።

የጉብታዎቹ ታሪክ በዚህ አላበቃም። አንግሎ-ሳክሰኖች ክርስትናን ሲቀበሉ ቀስ በቀስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገቡ። ጉብታው ወዳጅነቱ ቀረና የሚፈራ ሆነ። ጉትላክ የተባለ ባሕታዊ በ699 ገደማ በሊንከንሺር ረግረግ ውስጥ ክሮውላንድ ገብቶ መነነ። በዓቱን የሠራው ሀብት ፈላጊዎች በቆፈሩት ጉብታ ላይ ነው። ገድሉ እንደሚለው አጋንንት ሌሊት እየመጡ አሠቃዩት፤ የሚናገሩትም በነባሮቹ በብሪቶኖች ቋንቋ ነበር። አያችሁ? የቀድሞው «አባታችን» አሁን ጋኔን ሆኗል፣ ባዕድ ቋንቋም ይናገራል።

ከዚያም ባሰ። ምሥራቅ ዮርክሺር ዎኪንግተን ዎልድ ላይ፣ በነሐስ ዘመን ጉብታ ውስጥ፣ አንገታቸው የተቀላ ሰዎች አፅም በ1960ዎቹ ተገኘ። መጀመሪያ በሮም ዘመን ማብቂያ የተፈጸመ ጭፍጨፋ ነው ተባለ። በ2007 የወጣው አዲስ ምርመራ ግን በአንግሎ-ሳክሰን ዘመን፣ በተለያየ ጊዜ በሞት የተቀጡ ሰዎች መሆናቸውን አሳየ። አንዳንዱ የራስ ቅል የታችኛው መንጋጋ የለውም። ጭንቅላቱ እንጨት ላይ ተሰክቶ፣ መንጋጋው እስኪረግፍ ድረስ ለመንገደኛ ሲታይ ቆይቷል ማለት ነው። ቅድመ አያቶች ልጆቻቸውን በአልጋ ባስተኙበት ዓይነት ቦታ፣ የልጅ ልጆች ወንጀለኛ ጣሉበት።

ወጣቶች፣ አንድ አደራ አለኝ። እነዚህን ጉብታዎች ሂዱና እዩ። ብዙዎቹ በ1979 ሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ መፈተሽም መቆፈርም ወንጀል ነው። አባቶችና እናቶች፣ ለእናንተ ደግሞ ጥያቄ ነው ያለኝ፦ ልጆቻችን የት መጥተው ያስቡን? ማይኩን ለእናንተ እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ።